የቆየው የፈረስ መኪና አልነሳ ሲል፦ ባትሪ፣ ሽቦ፣ ማጥፊያ ወይስ ሶላር?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። ከተማ ዳር ላለን ፈረስ አርቢዎች ግን ፈረሱን ራሱን የሚያደርሰው መኪና ነው። እሱ ሌሊት አልነሳም ካለ ፈረሱም ቀረ፣ ቀጠሮውም ቀረ።

ሱሉልታ አካባቢ አራት ፈረሶች አሉኝ። የምጭናቸው በቆየ አይሱዙ ነው። ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ላይ ብየዳ ቤት ወስጄ ከፍ ያለ አጥርና ከኋላ የሚወርድ መወጣጫ አሠርቼለታለሁ። መኪናው ሥራ የሚበዛበት በጥቂት ቀን ነው። ለጥምቀት ጃንሜዳ ይወርዳል። ለየካቲት 23፣ ለዓድዋ በዓል፣ ይወርዳል። ፈረስ ሲታመም ደግሞ ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ውጭ ግቢ ውስጥ ይቆማል። ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት።

አንድ የካቲት 23፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሁለት ፈረሶች ጭነን ቁልፉን አዞርኩ። «ቀጭ» አለና ዝም። ደገምኩ፤ አሁንም «ቀጭ»። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱን ከገዛሁት ገና ወሩ ነበር። ሻጩ «አንዱን ብቻ ቀይር፣ ሌላው ገና ይሠራል» ብሎኝ አምኜው ነበር። ፈረሶቹ በቆመ መኪና ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆዩ። ባዝራዋ ወለሉን ትደበድባለች፤ ላብ በላብ ሆናለች። በመጨረሻ አወረድናቸው። በዓሉም አለፈን።

በማግስቱ የመጣው ኤሌትሪሺያን ወጣት ልጅ ነው። ቴስተሩን፣ ቮልት መለኪያውን፣ አውጥቶ ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለካ። አንዱ 12.7 ቮልት፣ ሌላው 11.6። ከዚያ ከአንደኛው ባትሪ የወጣች ቀጭን ቀይ ሽቦ ይዞ እየተከተለ ካሶኒው ድረስ ሄደ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ባትሪ መግዛት አልነበረብዎትም። ይቺን ሽቦ ነበር መንቀል።»

የሽቦዋን ነገር ቆይቼ እመለስበታለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩትን ግን እንደ እኔ ዓይነት መኪና ላላችሁ በምርጫ በምርጫ ላስቀምጠው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር አልጽፍም። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ግን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ድምፁን ስሙ

መኪና አልነሳ ሲል ሁሉም «ባትሪው ዳውን ሆኗል» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ጋቢና ውስጥ ተቀምጣችሁ አዳምጡ።

ሞተሩ እየተጎተተ፣ በድካም የሚዞር ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ኃይሉ ሽቦ ላይ እየቀረ ነው። «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ በፍጥነት ከደጋገመ ባትሪው ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ነገሩ ሦስት መልክ አለው፤ ባትሪ፣ የላላ ግንኙነት፣ ወይም ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ክፍል። ለመለየት የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ድርግም ካለ ባትሪውንና ገመዶቹን ፈትሹ። መብራቱ እንደደመቀ ከቀረ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ያደላል።

ሞተሩ ጥሩ አድርጎ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውን ተዉት። አዲስ ባትሪ አይረዳችሁም። የናፍታ ፊልትሮው ተደፍኖ፣ የናፍታ መስመሩ አየር ስቦ፣ ወይም ሞተሩ ማሞቂያ ካለው ማሞቂያው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ያልፋል። እንጦጦ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በ2500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት አይነሳም። አየሩን ጨምቆ በማጋል ነው የሚነሳው። የሚጨመቀው አየር ሲሳሳ ሙቀቱን ለማግኘት ሞተሩ ፈጠን ብሎ መዞር አለበት። በዚህ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አለ። በብርድ ባትሪው አቅሙ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። ስለዚህ አዳማ ላይ በአንድ ንክኪ የሚነሳ ትንሽ የደከመ ባትሪ እኛ ጋ ሌሊት ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

ግምት ወይስ ቴስተር?

እዚህ ላይ ማወዳደርም አያስፈልግም። ቴስተር ግዙ። ዋጋው ከባትሪ ጋር አይወዳደርም፤ አጠቃቀሙንም ማንም ሰው በአሥር ደቂቃ ይለምደዋል።

መኪናው ቢያንስ ሌሊቱን ሳይነሳ ካደረ በኋላ ለኩ። ገና ከመንገድ የገባ መኪና ባትሪ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል። 12.4 ከሆነ ከአራት እጅ ሦስቱ አለ ማለት ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12.0 ሲደርስ ሩብ ገደማ ቀርቶታል። ከዚያ በታች ባዶ በሉት።

አብዛኞቹ እንደ እኔ ያሉ አይሱዙዎች 24 ቮልት ናቸው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች፣ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ተያይዞ። ሁለት ባትሪ ሁሉ ግን 24 ቮልት አይደለም። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ጋር የተያያዘ ከሆነ መኪናው 12 ቮልት ነው። ይህን ሳታረጋግጡ ምንም አትግዙ።

ለየብቻ መለካቱን ደግሞ አደራ። ሁለቱ አንድ ላይ 24.3 ቢያሳዩ «ደህና ነው» ትላላችሁ። ለየብቻ ሲለኩ ግን እንደ እኔው አንዱ 12.7፣ ሌላው 11.6 ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ልዩነት ካያችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

ቀጥሎ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉና ሞተሪኖው እየሠራ ሳለ ለኩ። እያንዳንዱ ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ሞልቶ እያለ ከዚያ በታች የሚወድቅ ባትሪ ውስጡ አልቋል። በመጨረሻ ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ረገጥ ሲደረግ የ24 ቮልት መኪና ከ27.6 እስከ 28.8 ማሳየት አለበት። ከ27 በታች ከሆነ ወይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቷል ወይ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ራሱ ደክሟል። 29ን ካለፈ ደግሞ ባትሪዎቹን እያፈላቸው ነው። በዚህ ሁኔታ አዲስ ባትሪ ማስገባት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ሽቦ ማጽዳት ወይስ ባትሪ መቀየር?

ሽቦውን አስቀድሙ። በተለይ በፈረስ መኪና።

ምክንያቱን የጭነት መኪና መካኒኮች ሁልጊዜ አያስቡትም። የፈረስ ሽንት በወለሉ ሳንቃ መሐል ይወርዳል። ሽንቱ ሲቆይ አሞኒያ ይወጣዋል። አሞኒያ ደግሞ መዳብ ይበላል። የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ የሚታሰርበት ቦታ ከካሶኒው ሥር ከሆነ ለዓመታት የሚታጠበው በሽንት ነው። የኔ መኪና ላይ ያ ብሎን አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ነበር። ገመዱ ከላይ ደህና ይመስላል። ልባሱን ሲልጡት ግን መዳቡ ጠቁሮ ይፈረፈር ነበር።

እንዲህ ፈትሹ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሪኖው አካል ላይ አድርጋችሁ ሰው ቁልፍ ያዙር። ቴስተሩ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ኃይላችሁ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው እንዲሁ ለኩ።

ጥገናው ቀላል ነው። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉት፣ ገመዱ ከተበላ ቀይሩት፣ አጥብቃችሁ እሰሩና ላዩን ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀቡት። ከተቻለ ገመዱን ሽንት ወደማይደርስበት ወደ ፊት አዛውሩት። ባትሪው ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት ደግሞ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ይለቃል፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ። ስትጨርሱ መጨረሻ ላይ ኔጋቲቩን እሰሩ። ይህ ቅደም ተከተል ቁልፋችሁ ሻንሲ ነክቶ እሳት እንዳይረጭ ያደርጋል።

የእኔ መኪና ያን ገመድና ያን ብሎን ብቻ ሲቀየርለት አዟዟሩ ሌላ መኪና መሰለ።

አንዱን ባትሪ ወይስ ሁለቱንም?

አሁን ወደ ቀይዋ ሽቦ ልመለስ።

ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ለካሶኒው ባለ 12 ቮልት አምፖል ማስገባት ፈልጎ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ መስመር ስቧል። ብዙ መኪና ላይ ቴፕም፣ የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ይሠራል፤ ችግሩ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ባትሪዎች ተከታትለው ስለታሰሩ ዲናሞው የሚሞላቸው እኩል ነው። ሲወጣ ግን ከአንዱ ብቻ ተጨማሪ ይወጣል። ያኛው ሁሌም ጎደሎ ሆኖ ይከርማል። ዲናሞው የሚያየው ድምሩን ነው። ድምሩ 28 ሲሆን ጎደሎው 13፣ ሌላው 15 ሊደርሰው ይችላል። ጎደሎው ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ነጭ ሰልፌት ይይዛል። ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ እየተሞላ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሳል። ሁለቱም ይሞታሉ፣ በተለያየ በሽታ።

እኔ ደግሞ የሞተውን ብቻ በአዲስ ቀየርኩ። ሽቦዋ እዚያው ናት። አዲሱም በወሩ ተከተለ።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ነው። ለካሶኒው መብራት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ 24 ቮልት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል ግዙና መስመሩን ከሁለቱ ባትሪዎች ድምር ሳቡ። ብዙ ኃይል አይበላም፣ ፈረሶቹንም በሙቀት አያስጨንቅም። ቴፕ፣ ካሜራ ወይም የስልክ ቻርጀር ካላችሁ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገቡ። ዋጋው ከአንድ የጭነት መኪና ባትሪ በእጅጉ ያነሰ ነው። ከአንዱ ባትሪ ብቻ መሳብን ግን ለማንም አልመክርም።

ባትሪ ሲቀየር ሁለቱም አንድ ላይ ይቀየሩ። አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ በተቻለ መጠን በአንድ ጊዜ የተመረቱ። አሮጌና አዲስ አብረው ሲሠሩ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። አንዱን ብቻ ቀይሩ የምለው በአንድ ሁኔታ ነው፤ ሁለቱም በቅርብ የተገዙ ሆነው አንዱ በፋብሪካ ጉድለት ከተበላሸና ሌላው ጭነት ላይ ተፈትኖ ጤነኛ ከሆነ። ያኔም ሁለቱን ለየብቻ እስኪሞሉ ቻርጅ አድርጋችሁ አስገቡ።

ውሃ የሚጨመርበት ወይስ የታሸገ?

የታሸገው ንጹህ ነው፣ እንክብካቤ አይጠይቅም። ሻጮችም እሱን ይገፋፋሉ። ለአዲስ መኪና ጥሩ ነው።

ለቆየ መኪና እኔ ክዳኑ የሚከፈተውን እመርጣለሁ። የቆየ ዲናሞ ተቆጣጣሪው አንዳንዴ ያጠግባል፣ አንዳንዴ ያስርባል። ከመጠን በላይ ሲሞላ ውሃ ይተናል። የሚከፈተው ባትሪ ላይ ታዩታላችሁ፣ ትተኩታላችሁ። የታሸገው ላይ ምልክቱን የምታዩት መኪናው አልነሳ ሲል ነው። በሃይድሮሜትር፣ ማለትም የአሲዱን ውፍረት በሚለካው መሣሪያ፣ እያንዳንዱን ክፍልም መለካት ትችላላችሁ። 1.265 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 1.190 ግማሽ ነው። ከስድስቱ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ በጣም ወርዶ ከታየ ያ ባትሪ አብቅቶለታል።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ፈሳሹ ሲጎድል «አሲድ ጨምርበት» ይባላል። የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ አይደለም። የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው፤ ሳህኖቹ ትንሽ እስኪሸፈኑ። የቧንቧ ውሃ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃም አይሆንም፣ ማዕድን አለበት።

ታማኝ ካልሆናችሁ፣ ማለትም በወር አንዴ ክዳን ከፍቶ የሚያይ ሰው ግቢ ውስጥ ከሌለ፣ የታሸገውን ግዙ። ይህን በቅንነት ለራሳችሁ መልሱ።

ስለ መጠን አጭር ነገር ልበል። ኤን70 ባትሪ 70 አምፔር ሰዓት ነው፣ ኤን100 ደግሞ 100። ትልቁን ማስገባት አይጎዳም፣ ማስቀመጫው ከበቃ። ግን ቆሞ የሚያልቅ ባትሪን ትልቅ ማድረግ የሚያልቅበትን ቀን ከማራዘም በቀር አያድነውም። እኔ የመኪናውን የመጀመሪያ መጠን ጠብቄያለሁ። ፖዘቲቩ በየትኛው ጎን እንደሆነም እዩ፤ በተቃራኒ ከሆነ ገመዱ አይደርስም። ባትሪውን የሚይዘው ብረትም ይጥበቅ። የእኛ የኮረኮንች መንገድ የላላ ባትሪን ውስጡን አራግፎ ይገድለዋል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ያገለገለ ዕቃ እገዛለሁ። ሶማሌ ተራ ለቆየ መኪና ባለውለታ ነው። ባትሪ ግን ከዚያ አልገዛም። «ተሠርቷል» የሚባለው ባትሪ አዲስ አሲድ ገብቶለት ቴስተር ላይ 12.6 ሊያሳይ ይችላል። ሞተሪኖ ሲጎትተው ግን ይወድቃል። ለግቢ መብራት ይሆን ይሆናል። ሁለት ፈረስ ለተጫነበት መኪና አይሆንም።

አዲስም ስትገዙ የምርት ቀኑን ጠይቁ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ለኩት። ከ12.4 በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል፣ ሌላ ይስጧችሁ።

ቆሞ ለሚከርም መኪና የቱ ይሻላል?

ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የፈረስ መኪና ባትሪ በብዛት የሚሞተው በሥራ አይደለም፣ በመቆም ነው። ጎድሎ የቆመ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጠነክራል። ያ ሲጠነክር ብትሞሉትም የድሮ አቅሙ አይመለስም።

ሒሳቡን እንይ። ቁልፉ ጠፍቶም መኪናው ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ አላርም፣ ሰዓት፣ ቴፕ። 50 ሚሊአምፔር ነው እንበል። በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። 70 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በ29 ቀን ግማሹ አለቀ። የካሶኒው አምፖል ተረስቶ ካደረማ ከዚያ በጣም ፈጥኖ ያልቃል። ባትሪው ራሱም ምንም ሳይነካ በወር ጥቂት በመቶ ያጣል።

ብዙዎቻችን የምናደርገው በየሳምንቱ ሞተሩን አስነስቶ አሥር ደቂቃ ማሞቅ ነው። አልወደውም። ሌሊት በብርድ ማስነሳት ከባትሪው ኃይል ይወስዳል። ዲናሞው ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚሰጠው ትንሽ ነው። ናፍታው ይነዳል፣ ባትሪው ግን እንደጎደለ ነው። መንዳት ከሆነ ግን ሌላ ነው። በሳምንት አንዴ አርባ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ቢሄድ ባትሪውም ፍሬኑም ጎማውም ይጠቀማሉ። ጊዜና ናፍታ ላለው ጥሩ ምርጫ ነው። ግማሽ የቀረውን ባትሪ ግን አንድ ጊዜ ጃንሜዳ ደርሶ መመለስ አይሞላውም፤ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል።

ኔጋቲቩን ፈትቶ ማሳደር ነፃ ነው፣ ይሠራልም። ችግሩ በየጊዜው ሲፈታና ሲታሰር ጫፉ ይላላል፣ እኛም እንረሳለን። የእኔ ፈረስ ጠባቂ አንድ ቀን በእጁ ብቻ አጥብቆት መንገድ ላይ ቆመናል።

ስለዚህ ማጥፊያ አስገባሁ። በኔጋቲቩ ገመድ ላይ የሚገባ፣ ቁልፉ የሚነቀል ትልቅ ማጥፊያ ነው። በጣም የምመክረው እሱን ነው። ሲዘጋ ምንም አይበላም፣ ሌባም በቀላሉ አያስነሳውም። ሁለት ነገር ብቻ አደራ። የሞተሪኖውን ኃይል የሚችል፣ በመቶዎች አምፔር የሚቆጠር ይሁን፤ የመብራት ማጥፊያ የሚያህለው ይቀልጣል። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ፈጽሞ አይዘጋ፤ የዲናሞውን ዳዮድ ያቃጥላል። ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዘጋው።

የመብራት ቻርጀር ጋጣው አጠገብ አስተማማኝ መብራት ላለው ሰው ይሆናል። ሲሞላ ራሱ የሚያቆም ዓይነት ይሁን። ተራው ቻርጀር ተረስቶ ካደረ ባትሪውን ያፈላዋል። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ስለሆነ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ፤ አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን፤ የሣር ክምር አጠገብ አይሁን። የእኛ ሰፈር መብራት ግን ሲመጣም ሲሄድም ስለሚሰነብት እኔ አልተመካሁበትም።

ሶላር ከማጥፊያው ጋር ሲሆን ነው የሚያምረው። ካሶኒው ጣሪያ ካለው 20 ዋት ፓነል ላዩ ላይ ይበቃል። በበጋ አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 100 ዋት ሰዓት ነው። ለ24 ቮልት ባትሪ 4 አምፔር ሰዓት ያህል ይሆናል። ከላይ ካየነው የቀን ፍጆታ ሦስት እጥፍ ነው። በክረምት ያንሳል፣ ግን መኪናው በማጥፊያ ተዘግቶ ስለሚቆም ባትሪውን ሙሉ ለማቆየት ይበቃል። ተጠንቀቁ፤ አንድ ባለ 12 ቮልት ፓነል 24 ቮልት አይሞላም። ለ24 ቮልት የሚሆን ፓነል ወይም ሁለት ተከታትለው የታሰሩ ይፈለጋሉ። በመሐል ተቆጣጣሪ ይግባ። መስመሩ በፊውዝ አልፎ ቀጥታ ወደ ባትሪዎቹ ይሂድ፣ ማጥፊያው እንዳያቋርጠው። አቧራውንም ጥረጉለት።

በአጭሩ እንዲህ ብላችሁ ወስኑ። መኪናው ቢበዛ ሁለት ሳምንት የሚቆም ከሆነ ማጥፊያ ብቻ ይበቃል። ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ ማጥፊያና ሶላር። ለሶላሩ ገንዘብ ካነሰ ማጥፊያውን አሁን ግዙ፣ ሶላሩ ይደርሳል።

ሞተሪኖ፦ ማሠራት ወይስ መቀየር?

ባትሪው ሙሉ፣ ገመዱ ንጹህ ሆኖ «ቀጭ» ብቻ ካለ ሞተሪኖው ይውረድ። የመጀመሪያው ከሆነ ማሠራቱ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቀው ካርቦኑ፣ ቡሽው ወይም የውስጥ ግንኙነቱ ነው፣ ሁሉም ይቀየራል። ጥቅልሉ ከተቃጠለ ግን ሌላ ይፈለግ። ያገለገለ ስትገዙ መሬት ላይ አስቀምጠው በ24 ቮልት ፊታችሁ ያዙሩት። የጥርሱን ብዛትም ከድሮው ጋር አስተያዩ።

መንገድ ላይ ከቆማችሁ

ፈረስ ጭኖ መኪና አይገፋም። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልቁል ሲወርድ የፍሬን እገዛው ወዲያው ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። የእንጦጦ ቁልቁለት ላይ በዚህ ሁኔታ ማስነሳት መሞከር ለፈረሱም ለሰውም አደጋ ነው። በድንገት ሲነሳ የሚፈጠረው ንቅናቄም ፈረሱን ይጥለዋል።

ከሌላ መኪና ኃይል መዋስ ይሻላል። ግን 24 ቮልት ከ24 ቮልት ብቻ። ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ባጃጅ 12 ቮልት ናቸው፤ አይረዱም፣ ራሳቸውም ይጎዳሉ። ሌላ አይሱዙ ወይም አውቶቡስ አስቁሙ። ገመዱ ወፍራም ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ይግላል እንጂ ሞተር አያዞርም። እኔ ጋቢና ወንበር ሥር የራሴን ይዣለሁ።

ከተቻለ ፈረሶቹን አስቀድማችሁ አውርዱና ከመንገዱ ራቅ አድርጋችሁ ያዟቸው። ከዚያ የፖዘቲቩን ገመድ አንድ ጫፍ በእናንተ መኪና ከሌላው ባትሪ ጋር ባልተያያዘው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በአጋዡ መኪና እንዲሁ ባለው ፖዘቲቭ ላይ እሰሩ። የኔጋቲቩን ገመድ አንድ ጫፍ በአጋዡ መኪና ከሌላው ባትሪ ጋር ባልተያያዘው ኔጋቲቭ ላይ እሰሩ። የመጨረሻውን ጫፍ ግን ባትሪው ላይ አታድርጉ፣ በእናንተ መኪና ከባትሪው ራቅ ያለ ንጹህ የሻንሲ ብረት ላይ ይሁን። የመጨረሻው ጫፍ ሲነካ እሳት ይረጫል፣ ባትሪው አጠገብ ጋዝ ሊኖር ይችላል። አጋዡ መኪና አምስት ደቂቃ ይሥራ፣ ከዚያ አስነሱ። ሲነሳ ገመዶቹን በተቃራኒው ቅደም ተከተል ንቀሉ። ሞተሩን አታጥፉ። ፈረሶቹን ውሃ አጠጡና መልሳችሁ ጫኑ።